የባለሱቋ ፒኮክ

የሳጥኑን ክዳን ቀና ሳደርገው የናፍታሊኑ ሽታ አፍንጫዬን ሰነፈጠኝ። እናቴ ከአርባ ዓመት በላይ የኖረችበትን የጉለሌውን ቤት ለቅቃ ወደ ኮንዶሚኒየም ልትገባ ሦስት ቀን ቀርቷት ነበር። ዕቃ ላስተሳስርላት መጥቼ ድስቱና ጀበናው፣ ረከቦቱና ብርድ ልብሱ ሁሉ ካርቶን ከገባ በኋላ የቀረን እሷ ራሷ ለመክፈት የምታመነታበት የቆርቆሮ ሳጥን ብቻ ነበር። ከላይ ነጠላዎቿ፣ ከነጠላዎቹ ሥር ዳንቴሎቿ። በልጅነቴ ቴሌቪዥኑን፣ ሬዲዮኑን፣ የሶፋውን መደገፊያና ብፌውን አልብሰው የኖሩት ዳንቴሎች ተጣጥፈው ተኝተዋል፤ ነጭነታቸው ወደ ወተት ሻይ ቀለም ዞሯል። ከሁሉም ሥር አንድ ደብተር አገኘሁ።

ገጹ ሁሉ በትንንሽ ካሬ የተሰመረ የሒሳብ ደብተር ነው። ሽፋኑ ላይ የኔ ስም አለ፤ የደብተሩን ግማሽ ግን እማዬ ወስዳዋለች። ስገልጠው አንድ ሙሉ ገጽ ላይ በእርሳስ፣ ካሬ በካሬ እየተቆጠረ በኤክስ የተሞላ ፒኮክ ቆሟል። አንገቱ ቀጥ ያለ፣ ጉትዬው ሦስት ነጥብ፣ ጅራቱ ወደ ታች የወረደ። ከግርጌው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ጊዜ በተማረችው፣ እያንዳንዱ ፊደል ለብቻው በሚቆምበት ጽሕፈቷ እንዲህ ይላል፦ «የባለሱቋ ናሙና ነው። ጅራቱን እኔ አሳጠርኩት።»

ጥቂት ገጾች አልፈው የኔ ሥራ ይጀምራል። በዚያው ዓይነት ካሬ ላይ፣ በዚያው ዓይነት እርሳስ የሚሮጥ ሰው። አንዱ ገጽ ላይ እግሩን ከፍቷል፣ ሁለተኛው ላይ ጉልበቱን አጥፏል፣ ሦስተኛው ላይ ከመሬት ለቅቋል። በገጾቹ መካከል ድሮ ደብተር የምንሸፍንበት ዓይነት አንድ ቁራጭ ላስቲክ ተጣብቆ ቀርቷል፤ ላዩ ላይ የማርከር ጥላ ይታያል። አነሣሁና አሸተትኩት። የሞቀ አቧራና የሞቀ ፕላስቲክ ሽታ ገና አለው፤ ወይም ለኔ እንዳለው መሰለኝ። የሯጩ ግርጌ ባዶ ነው፤ ምንም አልጻፍኩበትም።

ባለሱቋ የምንላቸው ከኛ ሦስተኛው አጥር ላይ ስኳርና ሳሙና፣ ሻማና ክብሪት የሚቸረችሩ ሴትዮ ነበሩ። ሬዲዮናቸው ላይ የተነጠፈው ፒኮክ የሠፈሩን ሴት ሁሉ ዓይን ይስብ ነበር። እማዬ አንድ ቅዳሜ ከቡና በኋላ «እትዬ፣ ፒኮክዎን ለአንድ ሌሊት ያውሱኝ» አለቻቸው። «ውሰጂው፤ ብቻ ጅራቱ ክር ይበላል፤ ተጠንቀቂ» አሏት። በዚያ ሌሊት የኔን ደብተር ወስዳ፣ ዳንቴሉን በጥቁር ጨርቅ ላይ ዘርግታ፣ በኪሮሽ መርፌዋ ጫፍ ቀዳዳ እየቆጠረች ስትጽፍ አምሽታለች። ያ ዓይነት ዳንቴል በካሬ ነው የሚሠራው። አንዱ ካሬ በክር ይሞላል፣ ሌላው ክፍት ይተዋል፤ ሙሉና ባዶ ብቻ ነው፣ ሌላ ቀለም የለውም። በሙሉና በባዶ ወፍ ይወጣል፣ አበባ ይወጣል፣ የጽዋ ቅርጽ ይወጣል። በማግስቱ ዳንቴሉ ታጥቦ፣ በስታርች ተተኩሶ፣ ከግማሽ ኪሎ ቡና ጋር ተመለሰ። የራሷ ፒኮክ ከወር በኋላ ተሠርቶ ሲያልቅ እንግዳ ሁሉ «እንዴት ያምራል!» ይላት ነበር። የእሷም መልስ አንድ ነበር፦ «የባለሱቋን ቀድቼ ነው፤ ጅራቱን ብቻ አሳጠርኩ።» አንድም ቀን ይህን ሳትል አልፋ አላየኋትም። ማንም አላስገደዳትም፤ ጥያቄው ራሱ «ማን ሠራው?» አልነበረም።

መቅዳት የሚለው ቃላችን ሰፊ ነው። ከቦኖ ውሃ ይቀዳል፣ ከጀበና ቡና ይቀዳል፣ ከጋን ጠላ ይቀዳል፣ አጎቴ ከጓደኛው ካሴት ይቀዳ ነበር። በዚህ ሁሉ ውስጥ ምንጩ ይታወቃል፤ ውሃው የየትኛው ቦኖ፣ ጠላው የማን ጓዳ እንደሆነ ቀጂውም ጠጪውም ያውቃል። ትምህርት ቤት ስንገባ ሌላ ቃል ጨመርን፦ መኮረጅ። ከጎን ያለውን ልጅ ወረቀት አይቶ መልሱን መጻፍና ስምን ከላይ ማስፈር። እጅ የሚያደርገው ነገር በሁለቱም አንድ ነው፤ ዓይን ያያል፣ እጅ ይጽፋል። ልዩነቱ የት እንደሆነ እኔ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ገና አልገባኝም ነበር።

ኮምፒውተር የተማርኩት ፒያሳ አካባቢ፣ ፎቅ ላይ ባለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። መጋረጃው ሁልጊዜ የተዘጋ፣ አሥር የማይሞሉ ማሽኖች በግድግዳ ዙሪያ የተደረደሩባት። ጫማ በር ላይ ይወልቃል። ከቃላት ማቀናበሪያና ከሒሳብ ሰሌዳ ትምህርት በኋላ የሚተርፍ ሠላሳ ደቂቃ ካለ፣ ከእጅ ወደ እጅ በዲስኬት ተቀድቶ የደረሰን አንድ ጨዋታ ይከፈታል፦ ፕሪንስ ኦቭ ፐርዢያ። ነጭ የለበሰ ወጣት በወህኒ ቤት ውስጥ ይሮጣል፣ ገደል ይዘላል፣ በጣቶቹ ጫፍ ተንጠልጥሎ ራሱን ወደ ላይ ይስባል። ሌሎቹ ልጆች ቀጣዩን ደረጃ ለማለፍ ይሽቀዳደሙ ነበር፤ እኔ ግን ሩጫውን ብቻ ነበር የማየው። ሲነሣ ትንሽ ያመነታል። ሲቆም በአንዴ አይቆምም፤ ክብደቱ ይቀድመውና እግሩ ይከተላል። በካሬ ነጠብጣብ የተሠራ ሰው እንዴት ክብደት ይኖረዋል? እማዬ በሙሉና በባዶ ወፍ ስታወጣ አይቻለሁ፤ የእሷ ወፍ ግን ቆሞ የቀረ ነው። ይሄኛው ይተነፍሳል።

ስለዚህ ቀዳሁት። ጨዋታውን እያቆምኩ፣ የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ ስክሪኑ ላይ እየለጠፍኩ፣ በማርከር ዙሪያውን አወጣሁት። የዚያን ጊዜ ስክሪን ሆዱ የተነፋ መስታወት ነው፤ ላስቲኩ በኤሌክትሪኩ ይጣበቃል፣ የክንዴን ፀጉር ያቆመዋል። ቤት ወስጄ ካሬው ደብተር ላይ አሳርፌ ሞላሁት። ከዚያ በኪውቤዚክ የፕሮግራም ቋንቋ ሙሉውን 1፣ ባዶውን 0 እያልኩ ረድፍ በረድፍ ጻፍኩት። ሱሪውን አረንጓዴ አደረግሁት፤ ራሱ ላይ ጥምጥም ጨመርኩ። ሳምንታት የፈጀ ሥራ ነው፤ ድካሙም እውነተኛ ነበር። ለረጅም ጊዜ ያታለለኝም ይኸው ድካም ይመስለኛል። ስለደከምኩበት የኔ መሰለኝ።

በኮርሱ መዝጊያ ቀን ሁሉም የሠራውን ሲያሳይ እኔም አሳየሁ። አረንጓዴ ሱሪ የለበሰው ሰው ከስክሪኑ ግራ ወጥቶ ወደ ቀኝ ሮጠ። ክፍሉ አጨበጨበ። «ራስህ ነህ የሠራኸው?» ሲባል «አዎ» አልኩ። አስተማሪያችን ከኛ ብዙም የማይበልጥ፣ ድምፁ ዝቅ ያለ ወጣት ነበር። ሦስት ጊዜ ደጋግሞ አየውና «በጣም ጥሩ። እስቲ ለሚቀጥለው ሳምንት ይኸው ሰውዬ ውሃ ተሸክሞ ይሂድ» አለኝ። «እሺ ቲቸር» አልኩት።

ውሃ ተሸክሞ የሚሄድ ሰው በዚያ ጨዋታ ውስጥ የለም። ላስቲክ የምለጥፍበት ነገር አጣሁ። በደብተሩ ላይ ሯጩን ወስጄ ጀርባው ላይ እንስራ ጫንኩበት፤ እንስራው በአየር ላይ የሚንሳፈፍ ፊኛ ሆነ። ጉልበቱን አጠፍኩት፤ የሚቀመጥ ሰው ሆነ። ሩጫው ለምን ያ ቅርጽ እንደነበረው፣ የትኛው እግር ክብደቱን እንደያዘ፣ ወገቡ መቼ ዝቅ እንደሚል አንዱንም አላውቅም ነበር። በየቀኑ ከቦኖው ጀሪካን ይዘው የሚመለሱ ሰዎች በአጥራችን ሥር እያለፉ፣ እኔ ግን ደብተሬ ላይ አቀርቅሬ አላየኋቸውም። በሚቀጥለው ሳምንት አልሄድኩም። ከዚያ በኋላ ባለውም አልሄድኩም። የምስክር ወረቀቴን ያመጣልኝ ጓደኛዬ ነው።

ብዙ ዓመት አልፎ፣ ይህንኑ የካሬ ሥዕል ማንቀሳቀስ እንጀራዬ ካደረግሁ በኋላ፣ የዚያ ነጭ ለባሽ ሩጫ ከየት እንደመጣ አነበብኩ። ጆርዳን ሜክነር ጨዋታውን ከማውጣቱ አራት ዓመት አስቀድሞ፣ እ.ኤ.አ. በ1985፣ ታናሽ ወንድሙን ዴቪድን ነጭ ልብስ አልብሶ እያስሮጠና እያዘለለ በቪዲዮ ቀርጾታል። ቪዲዮውን በቴሌቪዥን እያቆመ ስክሪኑን ፎቶ አነሣ፤ ፎቶዎቹን በጥቁር ማርከርና በነጭ ማጥፊያ ቀለም እያስተካከለ ቅርጹን ብቻ አስቀረ፤ ከዚያ ወደ አፕል ቱ ኮምፒውተር አስገባው። ሳነበው ማርከሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። እሱም ስክሪን ላይ የቆመ ምስል ወስዶ በማርከር ዙሪያውን አውጥቷል፤ እንደኔ። ግን እሱ የቀዳው የወንድሙን ገላ ነው፤ ወንድሙም እየተቀረጸ መሆኑን ያውቃል። ለጎራዴው ፍልሚያ ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1938ቱን የሮቢን ሁድ ፊልም ተጠቅሟል፤ ሁለቱ ተፋላሚዎች ከጎን በኩል የሚታዩባትን አጭር ትዕይንት። ይህን የምናውቀው ማንም አጋልጦት አይደለም፤ ራሱ የሥራ ማስታወሻውን አሳትሞ፣ በየመድረኩም እየተናገረ ነው። የእማዬን የደብተር ግርጌ ጽሕፈት ያኔ አስታወስኩ።

ከሱ በፊትም ወንድም ነበር። ማክስ ፍላይሸር ከፊልም ላይ እንቅስቃሴ እየተከተሉ የሚሥሉበትን መሣሪያ ሲሠራና እ.ኤ.አ. በ1917 የባለቤትነት ማረጋገጫውን ሲያገኝ፣ የቀልደኛ ልብስ ለብሶ ካሜራው ፊት የዘለለለት ወንድሙ ዴቭ ነው። ሁለቱም የሚንቀሳቀስ ሰው ባስፈለጋቸው ጊዜ በቅርብ ወዳለ፣ በስም ወደሚጠሩት ገላ ዞሩ። እኔም እህት ነበረችኝ። ግቢው ውስጥ ቀኑን ሙሉ ገመድ ስትዘል፣ ከቦኖው ውሃ ስታመላልስ የምትውል እህት። ካሜራ ባይኖረኝም ዓይን ነበረኝ።

የቆየውን የፈረስ ታሪክ ሳስበውም እደነቃለሁ። አውሮፓውያን ሠዓሊዎች ጋላቢ ፈረስን ሲሥሉ ለዘመናት አራቱንም እግር ወደፊትና ወደ ኋላ ዘርግተው፣ በአየር ላይ እንደሚበር አድርገው ነበር። አንዱ ከሌላው እየቀዳ፣ ሌላውም ከሱ እየቀዳ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ በካሊፎርኒያ ካሜራዎቹን በመስመር ደርድሮ አንዲት ጋላቢ ፈረስ በፊታቸው እንድታልፍ አደረገ። ፎቶዎቹ ሲታጠቡ አራቱም እግሮች በእርግጥ ከመሬት ይለቅቃሉ፤ የሚለቅቁት ግን ተዘርግተው ሳይሆን ሆድ ሥር ሲሰበሰቡ ነው። ያ ሁሉ ውብ ሥዕል ስህተቱን አብሮ ሲቀዳ ኖሯል። ማይብሪጅ እ.ኤ.አ. በ1887 ደግሞ የሰውና የእንስሳት እንቅስቃሴ የሚያሳዩ 781 ሰሌዳዎች አሳተመ፤ ከመካከላቸው ሴቶች የውሃ ማሰሮ ይዘው ሲሄዱ የሚታዩባቸውም አሉ። የመብት ዘመናቸው በማለፉ ዛሬ ማንም ሊጠቀምባቸው ይችላል። ለጀማሪ መጀመሪያ የማሳየው እነሱን ነው።

አሁን ማታ ማታ ጥቂት ወጣቶች ቤቴ እየመጡ አብረን እንሠራለን። ደብተርና ላስቲክ የላቸውም፤ የሚፈልጉት ገጸ ባሕርይ ሙሉ ሩጫው፣ ሙሉ ዝላዩ ተደርድሮ ስልካቸው ላይ ይወርዳል። ከወራት በፊት አንዲት ልጅ የሠራችውን ይዛ መጣች። ባለ 32 ካሬ፣ በሻሽ የታሠረ ፀጉር ያላት፣ ቀሚሷ ጥለት ያለው ሴት ትራመዳለች። በጣም ያምራል። ሁለተኛውን ፍሬም ሳየው ግን ጉልበቱን አወቅሁት፤ የሌላ ሰው ጉልበት ነው። ታዋቂ ሥራ ነው፤ ሠሪው በሕይወት አለ፣ በዚያ ሥራም ይተዳደራል። ፋይሏን ከፈተችልኝ፤ ከሥር የሱ ሥራ ደብዝዞ ተቀምጧል፣ ከላይ የሷ ተሥሏል። አልደበቀችውም። ጥፋት መሆኑንም አታውቅም ነበር።

አልተቆጣሁም፤ ለመቆጣት ፊቱም አልነበረኝም። ስለ ውሃ ተሸካሚው ነገርኳት፤ ለሰው ስናገረው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኋት፦ «ይችን ሴት ደክሟት ታራምጂያታለሽ?» ዝም አለች። ዝምታውን አውቀዋለሁ።

እግር ሲራመድ አራት ነገር ያልፍበታል። ተረከዝ መሬት ይነካል፤ ጉልበት ታጥፎ ገላ ዝቅ ይላል፤ የኋላው እግር በቆመው እግር አጠገብ ያልፋል፤ ገላ ከፍ ብሎ ወደፊት ይወድቃል። ሁለተኛው እግር ይኸንኑ ይደግማል፤ ስምንት ፍሬም። በትንሽ ሥዕል ላይ ዝቅታውና ከፍታው የአንድ ፒክስል ነገር ነው። አንድ ፒክስል ወደ ታች፣ አንድ ፒክስል ወደ ላይ፤ ሰውየው መሬት የሚረግጥ ወይም የሚንሸራተት የሚያደርገው ያቺ ናት። የደከመ ሰው ዝቅታው ላይ ይቆያል። የቸኮለ ዝቅታውን ያሳጥራል። ይህን ያወቀ ሰው ከየትኛውም ሥዕል ላይ እንቅስቃሴውን ማንበብ ይችላል፤ ያላወቀ ግን ቅርፊቱን ይዞ ይሄዳል። የሌላውን ፒክስል ብቻ መውሰድ የማይጠቅመውም ለዚህ ነው። እያንዳንዷ ነጥብ ለዚያ መጠን፣ ለዚያ ቀለም፣ ለዚያ ሰው የተወሰነች ናት። የታዋቂው ጨዋታ ገጸ ባሕርይ ማሪዮ ኮፍያ ያደረገው ፀጉር በዚያች ጥቂት ነጥብ አልሣል ስላለ፣ ሪዙም የመጣው አፍ ለመሣል ቦታ ስላልነበረ ነው። ያንን ኮፍያና ሪዝ ሰፊ ቦታ ወዳለው ሥዕል የሚያሻግር ልጅ ምክንያቱ የቀረበትን መልስ ነው የሚወስደው።

ከዚያች ልጅ ጋር የምናደርገው እንዲህ ነው። ናሙናውን ለአንድ ደቂቃ ታያለች፤ ትዘጋዋለች፤ ያየችውን ከራሷ ታወጣለች። ከዚያ ናሙናውን ከፍታ ታስተያያለች። የት እንደተሳሳተች እዚያ ይታያል፤ የምትማረውም ከዚያ ነው። ከአንድ ናሙና ይልቅ አምስት፣ ስድስት፤ ከሥዕል ይልቅ ቪዲዮ፤ ከቪዲዮ ይልቅ የራሷን እግር በመስታወት። ለልምምድ ብላ ነጥብ በነጥብ የምትቀዳው ካለ ፋይሉ ስም ላይ «ልምምድ» ትልና የባለቤቱን ስም ታክላለች፤ ለሰው ካሳየችም ያንኑ ስም ትናገራለች፤ አትሸጠውም። ሥራቸውን በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ የለቀቁ ብዙ ሠዓሊዎች አሉ፤ አንዳንዱ ስሜን ጥሩ ይላል፣ አንዳንዱ ያንንም አይጠይቅም። ፈቃዱን እስከ መጨረሻው ማንበብ አሰልቺ ነው፤ ግን ባለሱቋን «ለአንድ ሌሊት ያውሱኝ» ከማለት የተለየ አይደለም። እኛም አገር የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 አለን። አዋጁ የመጣው እኔ ላስቲኬን ከለጠፍኩ ከዓመታት በኋላ ነው፤ «ቅጂ» የሚለው ቃሉ ግን ከዚያው ከቀዳነው ውሃ የወጣ ነው።

ልጅቷ አንድ ቀን «ታዲያ ከሰው ያልወሰደ ማን አለ?» አለችኝ። ጥያቄዋ ልክ ነው። ስለ ጎንደር ነገርኳት። እ.ኤ.አ. በ1591 ሮም ውስጥ በዐረብኛ የታተመ ወንጌል ነበር፤ በውስጡ አንቶኒዮ ቴምፔስታ የሣላቸው በእንጨት የተቀረጹ ሥዕሎች አሉበት። መጽሐፉ ወደኛ አገር ደረሰና በ17ኛው መቶ ዘመን የጎንደር ሠዓሊዎች ከሥዕሎቹ ተነሥተው የራሳቸውን ወንጌሎች በሥዕል ሞሉ። ሥዕሎቹን ጎን ለጎን ያየ ሰው አቀማመጡን ወዲያው ያውቀዋል፤ ማን የት እንደቆመ፣ የማን እጅ እንደተዘረጋ። የሮሙ ግን ጥቁርና ነጭ ነው፣ በጥላና በጭረት የተሞላ። የጎንደሩ ጥላውን ትቶ ቀዩንና ቢጫውን አፍስሶበታል፤ ዓይኖቹን አስፍቷል፤ የፊቱን ገጽ ወደሚያውቀው ሰው መልሷል። መነሻውን ማወቃችን የጎንደሩን ሥዕል አላሳነሰብኝም። ሠዓሊው በየመስመሩ «ይህ ለኔ ምን ያደርግልኛል?» ብሎ መወሰኑን ነው የማየው። እማዬ የፒኮኩን ጅራት ስታሳጥርም እንዲሁ ነበር። ክሯ ትንሽ ነበረ፤ መደርደሪያዋም ጠባብ።

ልጅቷ ያቺን ባለ ጥለት ቀሚስ ሴት እንደገና ሠራቻት። አያቷ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ከኋላቸው እየሄደች አየቻቸው፤ አስፈቅዳ በስልኳ ቀረጸቻቸው። አዲሷ ሴት እንደ ፊተኛዋ አታምርም። ቀኝ እግሯን ትንሽ ትጎትታለች። ግን ስትራመድ ከየት እንደመጣች ይታወቃል።

ወደ ሳጥኑ ልመለስ። ደብተሩን ይዤ ሯጬ ላይ ብዙ ቆየሁ። እርሳስ ፈልጌ ከግርጌው ጻፍኩ፦ «ከፕሪንስ ኦቭ ፐርዢያ የተቀዳ። ሩጫው የዴቪድ ሜክነር፣ ሥራው የጆርዳን ሜክነር። አረንጓዴው ሱሪ የኔ።» የአስተማሪዬን አድራሻ ግን አላውቅም።

እማዬ ከካርቶኖቹ መካከል ትንሽ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ታየኝ ነበር። «ምንድን ነው እሱ?» አለችኝ። ፒኮኳን አሳየኋት። ዓይኗ ደክሟል፤ ወረቀቱን በጣቷ እየዳበሰች «ባለሱቋ፣ ነፍሳቸውን ይማር» አለች። ከዚያ የሚቀጥለውን ገለጠች። «ይሄስ?» እኔም ስልኬን አውጥቼ አሁን የምሠራውን አሳየኋት። ከሠላሳ ዓመት በኋላ ያንን የቤት ሥራ ጀምሬዋለሁ፤ አንዲት ሴት እንስራ አዝላ ከምንጭ ስትመለስ። ስልኩን ወደ ብርሃኑ አዙራ አየችው። ሴትየዋ ትራመዳለች፣ ትራመዳለች፣ መልሳ ትራመዳለች።

«ምን አዝላ ነው?»

«እንስራ ነው፣ እማዬ።»

«ባዶ ነው?»

«አይ፣ ውሃ ሞልቶት ነው።»

«ውሃ የያዘች ሴት እንዲህ አትሄድም» አለች። «ክንዷን ታወዛውዛለች እንዴ? ገመዱን ማን ይይዝላታል?»

እማዬ ያደገችው መንዝ ነው። ከተማ ከመግባቷ በፊት በየቀኑ ወንዝ ትወርድ እንደነበር አውቃለሁ፤ እንዴት እንደምትወርድና እንዴት እንደምትወጣ ግን ጠይቄያት አላውቅም። ካርቶን ካሰርንበት ገመድ የተረፈውን አነሣች። ትራሷን ጀርባዋ ላይ አድርጋ ገመዱን በትከሻዋ አሳልፋ፣ ሁለቱን ጫፎች ደረቷ ላይ በሁለት እጇ ጨበጠች። ከተቀመጠችበት ስትነሣ መጀመሪያ ወደፊት አዘነበለች፤ ወገቧ ቀድሞ ተነሣ፣ ራሷ ቆይቶ ቀና አለ። «ልቅረጽሽ?» አልኳት።

«ቅረጸኝ። ፊቴን ግን አታውጣው።»

«ፊትሽ ሦስት ካሬ ብቻ ነው የሚሆነው፣ እማዬ።»

«ሦስት ካሬ!» ብላ ሳቀች። «ለጉትዬውም ሦስት ነበር።»

ወደ ግቢው ወጣን። ከሦስት ቀን በኋላ የማይኖረን ግቢ ነው፤ ድሮ ቦኖው የነበረበት ጥግ ላይ አሁን የተሰበረ ሲሚንቶ ብቻ አለ። ከዚያ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች። እርምጃዋ አጭር ነው። ጉልበቷ እንደታጠፈ ይቆያል፣ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም፤ ራሷ ከፍም ዝቅም አይልም፣ ውሃው እንዳይፈስ የተማረ ራስ ነው። ክርኖቿ ከጎኗ ተጣብቀዋል። ስትረግጥ እግሯ ትንሽ ወደ ውጭ ይከፈታል፣ ድንጋይ የለመደ እግር። የኔ ሥዕል ላይ ከዚህ አንዱም የለም። በሩ ጋ ስትደርስ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ ዞረችና በገመዱ ላይ ያለ እጇን ሳታላላ አየችኝ።

«ታየህ? ወይስ ደግሜ ልሂድ?»